«እኔ ጋ ይሰራል» እና ሌሎች ጥፋቶቼ

ሶፍትዌርና ጌም መስራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጉድ የሰራኝ ከባድ ኮድ አይደለም። ከባድ ኮድማ ፈርተን፣ አስር ጊዜ አይተን ነው የምንለቀው። ጉድ የሰራኝ ሁሌም «ይሄ ምን ይሆናል» ብዬ ሳልሞክር ያለፍኩት ነገር ነው።

በራስ ስልክ ብቻ መሞከር

የመጀመሪያ ጌሜ ገበጣ ነበር። ጠጠሮቹ ሲንቀሳቀሱ ጥላቸው ሳይቀር አብሯቸው ይሄዳል፣ ሲያዩት ያምራል። እኔ ስልክ ላይ ማለቴ ነው። አንድ ቅዳሜ አክስቴ ቤት ቡና እየተፈላ ለልጇ ጫንኩለት። ሲከፍተው ይዘጋል። ደግሞ ይከፍተዋል፣ ይዘጋል። በአራተኛው እሺ አለው፣ ግን አንድ ጠጠር ለማንሳት ጣቱን አስቀምጦ መጠበቅ ነበረበት። ትንሽ ቆይቶ «ኧረ ፓኬጄን ጨረስክብኝ!» ብሎ ጮኸ። ለካ ጌሙ በተከፈተ ቁጥር ምስሎቹን በሙሉ እንደ አዲስ ከኢንተርኔት ያወርዳል፤ እኔ ቢሮ ዋይፋይ ላይ ተቀምጬ ይሄ በምን ይታየኛል?

በሰከንድ 60 ምስል ላሳይ ካላችሁ ለአንዱ ምስል ያላችሁ ጊዜ 17 ሚሊሰከንድ እንኳ አይሞላም። ርካሽ ስልክ ላይ ለኩት። እኔ አሁን ስክሪኑ የተሰነጠቀ አሮጌ ስልክ ጠረጴዛዬ ላይ አለ፤ እሱ ላይ በደንብ ያልሄደውን ነገር አልቋል አልልም።

«ባክአፕ አለን» ብሎ መተኛት

እ.ኤ.አ. በ2017 ጊትላብ (ፕሮግራመሮች ኮዳቸውን የሚያስቀምጡበት ድረ ገጽ) ላይ የደረሰውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። አንድ ኢንጂነር ሌሊት ላይ ሰርቨር ተሳስቶ ዋናውን ዳታቤዝ ሰረዘው። ወደ 300 ጊጋባይት ነው። ከአንድም አምስት ዓይነት ባክአፕ (መጠባበቂያ ኮፒ) ነበራቸው፣ ሲፈልጉት ግን አንዱም በወጉ አልሰራም። ባክአፑ መቆሙን የሚናገረው ኢሜይል እንኳ መንገድ ላይ ይቀር ነበር። የተረፉት ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ጉዳይ በእጅ በተወሰደ ኮፒ ነው።

አልስቅባቸውም። እኔ የሰራሁበት አንድ ቦታ ባክአፑ በየሌሊቱ ሳያዛንፍ ይወሰድ ነበር፣ ፋይሉም ቀኑን ይዞ ተደርድሯል። መጠኑን ያየ ሰው ግን አልነበረም። ለካ ፋይሉ ሁሉ ባዶ ነው፣ ዜሮ ባይት! በወር አንዴ አውጥታችሁ ሌላ ማሽን ላይ መልሳችሁ አንሱት፣ አለቀ።

አፍርሶ እንደ አዲስ መጻፍ

የሌላ ሰው ኮድ ሁሌም ያስጠላል። ግን ያ አስቀያሚ መስመር እዚያ የተቀመጠው አንድ ቀን አንድ ደንበኛ ስላለቀሰ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ስታጠፉት ሰውዬው ተመልሶ ይመጣል። ጌም ላይ ደግሞ ይብሳል። ዱክ ኑከም ፎርኤቨር የሚባለው ጌም እ.ኤ.አ. በ1997 ይመጣል ተባለ፣ መሃል ላይ ኢንጂኑ (ጌሙ የሚሰራበት መሠረት ሶፍትዌር) ተቀየረ፣ ብዙው እንደገና ተሰራ፣ የወጣው በ2011 ነው። ይመጣል በተባለበት ዓመት የተወለደ ልጅ እስኪወጣ ስምንተኛ ክፍል ደርሷል።

ሰዓቱንና ስሙን እንደ ቀላል ማየት

ይቺ የኛው ናት። ለአንድ ክሊኒክ የቀጠሮ ሲስተም ሰራሁ፣ ከቀጠሮው አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ለታካሚው መልእክት ይልካል። እንግዳ ተቀባይዋ እንደ ሁላችንም «3፡00» ብላ ጻፈች፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው። ሲስተሙ የፈረንጅ ሦስት ሰዓት መስሎት ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ መልእክቱን ላከ። ሲነጋ አንዲት እናት ደወሉ። «ልጄ፣ ሐኪሙ ሌሊት ነው እንዴ የሚገባው?»

በዚያው ፎርም ጳጉሜ የተወለደ ሰው ልደቱን መሙላት አይችልም፤ ወሩ አስራ ሁለት ብቻ ነበር። ካርድ ፍለጋው ደግሞ ሌላ ጣጣ። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ሰው «ሀይሉ» ብላችሁ ብትፈልጉ የለም ይላችኋል። ለኛ ድምፁ አንድ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ሌላ ሌላ ፊደል ናቸው። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው ተዉት፣ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ ያመጣችሁበትን ኮፒ ጎን ለጎን ያዙ። «ላስት ኔም» የምትለዋን ሳጥን ደግሞ ተዉኝ፣ እሷን ከጀመርኩ አልጨርስም።

ብርን በነጥብ ቁጥር መያዝ

አብዛኛው የፕሮግራም ቋንቋ 0.1 እና 0.2 ደምር ብትሉት 0.30000000000000004 ይላችኋል። ስለዚህ ወደ ሳንቲም ቀይራችሁ በሙሉ ቁጥር ያዙት። እኔ ይሄ የገባኝ የሂሳብ ሠራተኛዋ የአንድ ሳንቲም ልዩነት አግኝታ ከምሳ በኋላ እስከ ማታ ደረሰኝ ስታስቆጥረኝ ነው።