ከእንግሊዝኛው ሥር ያለውን አማርኛ ፈልጉ

ማታ ማታ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ባለፈው ሐሙስ አንዷ ልጅ የሚታረመውን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አንብባ «ቲቸር፣ ይሄ እኮ ምንም የለበትም» አለችኝ። «ኦልዞው ሂ ስተዲድ ሃርድ፣ በት ሂ ፌልድ» ይላል።

ለምን ልክ እንደመሰላት ገባኝ። በልቧ ያነበበችው በአማርኛ ነው፤ «ምንም እንኳ ጠንክሮ ቢያጠናም፣ ግን ወደቀ»። በእኛ ቋንቋ «ምንም እንኳ» እና «ግን» አብረው ይሄዳሉ። እንግሊዝኛ ግን አንዱን ብቻ ይቀበላል። «ኦልዞው» ካለ «በት» ይውጣ፤ «በት» ካለ «ኦልዞው» ይውጣ።

ስለዚህ ልጆቼን መጀመሪያ የምላቸው ይሄን ነው፦ ዓረፍተ ነገሩ ቃል በቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ በጣም ከተመቻችሁ ጠርጥሩ። «ሪተርን ባክ» የሚያምረን «ተመልሶ መጣ» ስለምንል ነው። «ሪፒት አጌን» የ«እንደገና ደገመ» ልጅ ነው። «ዲስከስ አባውት» ደግሞ «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ከማለት የመጣ ነው።

የጠረጠራችሁትን ቃል በአውራ ጣት ሸፍኑና ቀሪውን አንብቡ። ትርጉሙም ሰዋስውም ካልጎደለ ቃሉ ትርፍ ነው። መሸፈን ብቻ የማይበቃበትም አለ። «ዘ ሪዝን ኢዝ ቢኮዝ» ላይ «ቢኮዝ»ን አውጥታችሁ በቦታው «ዛት» ታስገባላችሁ።

ይሄን የለመደ ተማሪ ቶሎ ሌላ ስህተት ውስጥ ይገባል። ፈተናው ላይ ከአራቱ የመልስ ምርጫዎች አጭሩን ዝም ብሎ ያከብባል። እባካችሁ እንደዚያ አታድርጉ። «ሳራ ላይክስ ሄለን ሞር ዛን ማርታ» የሚለውን እዩ። ሳራ ሄለንን የምትወደው ማርታን ከምትወዳት በላይ ነው ወይስ ማርታ ሄለንን ከምትወዳት በላይ? በአማርኛ አንዲት «ን» ትለየዋለች። እንግሊዝኛው «ን» የለውም፤ ስለዚህ ቃል ይጨምራል። ማርታ ሄለንን ከምትወዳት በላይ ለማለት ከሆነ «ዛን ማርታ ደዝ» ይባላል። እዚህ ጋ ልኩ ረዘም ያለው ነው።

«ሳራ ቶልድ ሄለን ዛት ሺ ሃድ ፓስት»ም እንዲሁ ነው። ያለፈችው ማን ናት? ከ«ሺ» ተነስታችሁ ወደምትተካው ስም በእርሳስ ቀስት ስቡ። ቀስቱ ሁለት ሰው ጋ መድረስ ከቻለ ስሙ የተጠቀሰበትን ምርጫ ፈልጉ።

ልጆቼን ብዙ የሚያስቸግራቸው ግን ይሄኛው ነው፦ «ዎኪንግ ሆም፣ ዘ ሬይን ሶክት ሚ»። እኛ «ወደ ቤት ስሄድ ዝናቡ አበሰበሰኝ» ስንል ሂያጁ ማን እንደሆነ ግሱ ራሱ ይናገራል። «ስሄድ» እኔ ነኝ፣ «ሲሄድ» እሱ ነው፣ «ስትሄድ» ደግሞ እሷ ወይም አንተ። «ዎኪንግ» ግን ሰው የለበትም። ከኮማው ቀጥሎ የመጣውን ስም ባለቤት ያደርጋል። እንግዲህ ወደ ቤቱ እየሄደ ያለው ዝናቡ ነው ማለት ነው! «አዝ አይ ዋዝ ዎኪንግ ሆም» ስትሉ ሂያጁ ይታወቃል። ዓረፍተ ነገር በ«ኢንግ» ግስ ሲጀምር ዓይናችሁን ቶሎ ከኮማው በኋላ ወዳለው ስም ውሰዱ።

ጂማት ለሚባለው የኤምቢኤ (የቢዝነስ ማስተርስ) መግቢያ ፈተና የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ የመጣው አዲሱ ፈተና የዓረፍተ ነገር እርማትን ክፍል አውጥቶታል። የድሮ መጽሐፍ ይዛችሁ እዚያ ምዕራፍ ላይ ጊዜያችሁን አትጨርሱ።

ያቺ ልጅ ማክሰኞ ተመልሳ መጣች። ደብተሯ ላይ «ቢኮዝ ኢት ሬይንድ፣ ሶ ዊ ስቴይድ ሆም» የሚል ተጽፏል። «ሶ»ን በአውራ ጣቷ ሸፈነችና «ቲቸር፣ ይሄም ‹ስለዘነበ፣ ስለዚህ› የሚለው አማርኛችን ነው አይደል?» አለችኝ። ይሄን ገና አላስተማርኳትም ነበር።