ያልሞተውን ጌም ቦይ አትግደሉት

ባለፈው ጥር አንድ አባት ጌም ቦይ ከለር የሚባለውን በእጅ የሚያዝ የቪዲዮ ጌም መጫወቻ በፌስታል ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ። «ልጄ፣ ድምፁ አለ፣ መልኩ ግን ጠፍቷል። ስክሪኑን ቀይርልኝ» አሉኝ። ለካ ልጃቸው የሚጫወትበት ማታ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ ነው። ዕቃውን ይዤ ከሱቄ ደጅ ወጣሁና ወደ ፀሐይ አዞርኩት፤ ቀለሙ ወለል ብሎ ታየ። እሳቸውም እኔም ሳቅን።

እዚህ ጎንደር ከማያቸው ስህተቶች የሚበዛው ይኸው ነው፤ የጨለመውን ሁሉ ሞተ ማለት። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ጌም ቦይ ከለር የራሱ መብራት የለውም። ከውጭ የሚያርፍበትን ብርሃን መልሶ እያንጸባረቀ ነው ቀለሙን የሚያሳየን። መብራቱ የቀረውም ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣው ጌም ጊር የሚባል ሌላ የእጅ መጫወቻ ከኋላ የሚበራ ባለቀለም ስክሪን ነበረው፤ ስድስት ባትሪ ድንጋይ ውጦ ከ3 እስከ 5 ሰዓት በሚፈጅ ጨዋታ ይጨርሳቸዋል። ከለሩ በሁለት ድንጋይ ብቻ ከዚያ በጣም ይቆያል። ስለዚህ ስክሪን ከመግዛታችሁ በፊት መስኮት አጠገብ ሞክሩት። ሞክራችሁ ስታበቁ ግን እዚያው ፀሐይ ላይ ትታችሁት እንዳትሄዱ፤ ስክሪኑን ሙቀት ያጠቁረዋል።

ሁለተኛው ስህተት ገንዘብ ያስወጣል። ለጥምቀት ከአሜሪካ የሚመጣ ዘመድ ብዙ ጊዜ ጌም ቦይ አድቫንስ ኤስፒ (ኋላ የመጣ የጌም ቦይ ዓይነት) ይዞ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ፣ መብራትም ቻርጅ የሚደረግ ባትሪም ያለው ጥሩ ዕቃ ነው። የአሜሪካው ቻርጀሩ ግን የተሠራው ለ120 ቮልት ነው፤ የእኛ ሶኬት 220 ይሰጣል። የሶኬት ማቀያየሪያ ቅርጹን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ይህንን የተማርኩት አንዱን ራሴ አቃጥዬ ነው፤ ሽታው ሳምንት ሙሉ ከሱቄ አልወጣም። ፒኤስፒ የሚባለው የሶኒ የእጅ መጫወቻ ቻርጀር ግን ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል አያሰጋም። ቻርጀሩ ጀርባ ላይ «ኢንፑት» ከሚለው ቀጥሎ ያለችውን ደቃቅ ጽሕፈት ሳታነቡ አትሰኩ። ለኤስፒ ከዩኤስቢ የሚሞላ ገመድም አለ፤ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ጌሙ ያለበት፣ ከመጫወቻው የሚሰካው ካሴት አልነሳ ሲል እፍ ማለት የሁላችንም ልማድ ነው። አንዳንዴ ይሠራል፤ የሠራው ግን እፍታው ሳይሆን ካሴቱ ወጥቶ መግባቱ ነው። የትንፋሽ እርጥበት ቀስ በቀስ ካሴቱ ከመጫወቻው የሚገናኝባቸውን የብረት ጥርሶች ያበላሻል። አረቄ አፍስሶ ያጸዳ ደንበኛም አለኝ! ከአረቄው ግማሽ ያህሉ ውሃ ነው፣ ለጠጪው ይተውለት። 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አልኮል ጥጥ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ጥርሶቹን ጥረጉ፤ በደንብ ሳይደርቅ ግን አትክተቱት።

ውስጡ የሚያሳየው ካሴት በአሮጌው ግራጫ ጌም ቦይ አይሠራም፤ ለከለር ብቻ የተሠራ ነውና። ጥቁሩ በሁለቱም ይሠራል። ይህን ባለማወቅ ደህና ካሴት የጣለ ሰው አውቃለሁ።

ባትሪ ድንጋይን ለሬድዮ እንደለመድነው ፀሐይ ላይ አስጥቶ መመለስ፣ ወይም አንድ አዲስና አንድ አሮጌ ቀላቅሎ መክተት፣ ድንጋዩ ውስጡን እንዲያፈስ መጋበዝ ነው። ክረምቱን ሙሉ የማትጫወቱበት ከሆነ አውጡት። አልካላይን ድንጋይ አፍስሶ ነጭ ዱቄት ካበቀለ በአቼቶ ወይም በሎሚ በራሰ ጥጥ ጥረጉት፤ ከዚያ በአልኮል ድገሙት።

የመጨረሻው ያሳዝነኛል። አንዳንድ ካሴቶች የደረሳችሁበትን ደረጃ የሚይዙት በውስጣቸው በተበየደች የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ነው። እሷ ስታልቅ የተቀመጠው ሁሉ ይጠፋል፤ ለመቀየር ስትነቅሏትም እንዲሁ። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ «ባትሪዋን ቀይርልኝ» ይለኛል፤ እኔም ሳልጠይቅ መክፈት ትቻለሁ። አንድ ልጅ «ሴቭ የተደረገው በወንድሜ ስም ነው» አለኝ፤ ወንድሙ አሁን ውጭ አገር ነው። ባትሪዋን ስለካት 2.9 ቮልት አሳየች፤ ገና አላለቀችም። ካሴቱን መልሼ ገጠምኩና ሳልነካ ሰጠሁት።