ዳይቨርሽናል ቴራፒ ልትማሩ ነው? እኔ የሰራኋቸውን ስህተቶች እናንተ አትድገሙ

ዳይቨርሽናል ቴራፒ እየተማርኩ ነው ስትሉ ሰው መጀመሪያ "ምንድነው እሱ ደግሞ?" ይላችኋል፣ ስታስረዱት ደግሞ "አሃ፣ ሽማግሌ ማጫወት ነዋ!" ይላል። እውነቱን ለመናገር እኔም ስመዘገብ ከዚህ ብዙ የተሻለ ነገር አላውቅም ነበር። ስራው ባጭሩ፣ በእርጅና ወይ በስትሮክ ወይ በዲሜንሺያ (የመርሳት ህመም) ወይ በአእምሮ ህመም ምክንያት ድሮ የሚወደውን ነገር ማድረግ ያቃተው ሰው፣ አሁን ባለው አቅም ቀኑን በሚወደው ነገር እንዲያሳልፍ ማገዝ ነው። ሲጻፍ ቀላል ይመስላል አይደል?

የመጀመሪያው ስህተት፣ "ተጫዋች ነኝ፣ ከሰው ጋር ቶሎ እግባባለሁ፣ ስለዚህ ይሄ ስራ ለኔ ነው" ብሎ መግባት። ተጫዋችነት አይጠላም፣ ግን ትምህርቱ ሌላ ነው። አሴስመንት ትሰራላችሁ (ሰውየው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚወድ ታጣራላችሁ)፣ እቅድ ታወጣላችሁ፣ ታስፈጽማላችሁ፣ ከዛ ሰራ ወይስ አልሰራም ብላችሁ ትገመግማላችሁ፣ ካልሰራ እንደገና ከላይ ትጀምራላችሁ። ከኔ ጋር ከጀመሩት ውስጥ በጣም ዝምተኛ የነበረችው ልጅ ናት ከሁላችንም የበለጠች የሆነችው፣ ምክንያቱም ታዳምጣለች። እኛ እናወራለን።

ሁለተኛው ብዙ ገንዘብና ጊዜ የሚያስከፍል ነው፣ የት አገር እንደምትሰሩ ሳትወስኑ መመዝገብ። የሙያው ስም ራሱ ካገር አገር ይለያያል። አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ዳይቨርሽናል ቴራፒ ነው የሚሉት፣ አሜሪካ ስትሄዱ ሪክሪኤሽናል ቴራፒ ይሆናል። አሜሪካ ውስጥ ዋናውን ሰርተፊኬት የሚሰጠው ከ1981 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ብሔራዊ ካውንስል ነው፣ ለዛ ደግሞ ዲግሪ ይጠየቃል፣ በዋናው የትምህርት መንገድ ከሄዳችሁ ቢያንስ 14 ሳምንትና 560 ሰዓት ኢንተርንሺፕ አለ፣ ከዛ ፈተና። አውስትራሊያ ግን ብዙ ሰው የሚገባበት በር ሰርተፊኬት ፎር (4) ኢን ሌዠር ኤንድ ሄልዝ የሚባለው ነው፣ እኔ የማውቀው ዝቅተኛው ፕሌስመንት (የተግባር ልምምድ) 120 ሰዓት ነው። ኒውዚላንድ ደግሞ ሌቭል 4 ሰርተፊኬት አላቸው፣ ብዙዎቹ እዛው እየሰሩ ነው የሚማሩት። እንግዲህ ልዩነቱን እዩት፣ 120 ሰዓት ሰርቶ አንዱ ጋ የተመረቀ ሰው ሌላው ጋ ሄዶ "ቴራፒስት ነኝ" ቢል አይሰሙትም። መጀመሪያ አገሩን፣ ቀጥሎ ኮርሱን ምረጡ።

አሁን ወደ ትልቁ ስህተት ልምጣ፣ ከሰውየው በፊት አክቲቪቲውን ማሰብ። ይሄን የማይሰራ ተማሪ አላየሁም፣ ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ቆንጆ ቆንጆ አይዲያ ሲሰበስብ ያድራል፣ ጠዋት ፊቱ ላገኘው ሰው ሁሉ ይሰጠዋል። ፕሌስመንት በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት የወረቀት አበባ መስራት አዘጋጀሁ፣ ቀለሙ ምኑ ሁሉም ተሟልቶ። አንድ ሰውዬ ግን እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል። ኖት (የእለቱ መዝገብ) ላይ "ለመሳተፍ ፈቃደኛ አይደለም" ብዬ ጻፍኩ። ሱፐርቫይዘሬ አነበበችውና "ምን ነበር ስራው?" አለችኝ። አላውቅም። ፋይሉን ከፈትኩ፣ አናጺ ነበር፣ ከስትሮኩ በኋላ ደግሞ ግራ እጁ አይሰራም። አበባውን በአንድ እጅ እንዴት እንዲያጥፈው ነበር የጠበቅኩት በሉኝ! በማግስቱ ቁራጭ ጣውላና እንጨት ማለስለሻ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ሄድኩ፣ ጣውላው እንዳይንቀሳቀስ በሞርሳ ጠረጴዛው ላይ አሰርኩለት፣ ከስሩ የማያንሸራትት ጎማ አነጠፍኩ። ምንም አልተናገረም። በቀኝ አውራ ጣቱ ጣውላውን ከዳር እስከ ዳር ዳሰሰው፣ ከዛ "ይሄ ገና ነው" አለና ጀመረ።

በቃ ገባኝ ብዬ ደግሞ በሳምንቱ ልብስ ሰፊ ለነበረች ሴትዮ መርፌና ክር ይዤላት ሄድኩ። "አርባ ዓመት ሰፋሁ፣ አይበቃኝም?" አለችኝ። ስለዚህ ፋይል ማንበብም ብቻውን አይበቃም፣ መጠየቅ ነው። መናገር ካልቻለ ቤተሰቡን ጠይቁ፣ ፊቱንና እጁን እዩ። የምትፈልጉት ያንን ነገር ለምን ይወደው እንደነበር ነው። አንዱ ኳስ የሚወደው ለጨዋታው ነው፣ ሌላው ከጓደኞቹ ጋር ለመጯጯህ ነው፣ ለሁለቱ የምታዘጋጁት ነገር አንድ አይደለም።

ቀጣዩ፣ አዋቂን እንደ ህጻን ማናገር። ድምጽ እያቀጠኑ "ጎበዝ! ጎበዝ!" እያሉ ማጨብጨብ፣ የህጻናት የቀለም መጽሐፍ ማደል። ዲሜንሺያ ትዝታን ይወስዳል እንጂ ሰውየውን ህጻን አያደርገውም፣ መናቁን ያውቀዋል። ስራውን ማቅለል ካስፈለገ የስራውን እርምጃዎች ቀንሱ፣ አስር እርምጃ የነበረውን ሶስት አድርጉት፣ እቃው ግን የአዋቂ እቃ ይሁን።

ኖት አጻጻፍ ላይ ደግሞ እንምጣ፣ ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ነው። "በደስታ ተሳትፏል" ብሎ መጻፍ ምንም ማለት አይደለም፣ እንደዛ የሚል ኖት መቶ ብትደረድሩ ሰውየው ተሻለው አልተሻለው ማንም አያውቅም። ለአናጺው በኋላ የጻፍኩት እንዲህ ዓይነት ነበር፣ 20 ደቂቃ ቀኝ እጁን ተጠቅሞ ሰራ፣ ራሱ ወሬ ጀመረ፣ ክፍሉ ውስጥ ቲቪ ሲከፈት ተነጫንጮ አቆመ። ከዚህ ላይ ነርሷም ፊዚዮቴራፒስቱም የሚጠቀሙበት ነገር ያገኛሉ፣ እኔም ለቀጣዩ ጊዜ ቲቪውን ማጥፋት እንዳለብኝ አወቅኩ።

ከቡድኑ ጋር ሳይነጋገሩ መስራት ግን ከስህተትም አልፎ አደጋ ነው። ለምሳሌ የኩኪስ መጋገር ፕሮግራም አዘጋጅታችኋል እንበል፣ ሁሉም ይቀምሳል፣ ደስ ይላል። ግን አንዷ የመዋጥ ችግር አለባት። ብዙ ቦታ ለዚህ የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ስኬል ከ0 እስከ 7 ነው፣ የመጠጡን ውፍረትና የምግቡን ልስላሴ ይለካል፣ እሷ 4 ከሆነች የሚፈቀድላት በደንብ የላመ፣ ማኘክ የማይፈልግ ነገር ነው፣ ደረቅ ኩኪስ ትንታ ሊሆንባት ይችላል። ፕሮግራሙን መሰረዝ አይደለም መፍትሄው፣ ሊጡን ታቡካ፣ ሽታውን ትደሰትበት፣ የምትቀምሰውን ደግሞ ቀድማችሁ የመዋጥ ባለሙያውን ጠይቃችሁ አዘጋጁላት። ሲቆም የሚንገዳገድ ሰው ካለ ደግሞ የፊኛ ጨዋታውን ተቀምጦ ይጫወት።

"እምቢ" ሲሏችሁ አትከፉ። መብታቸው ነው፣ ሙሉ ቀን ሌላ ሰው የወሰነላቸውን ሲያደርጉ የሚውሉ ሰዎች እኮ ናቸው፣ ምናልባት የዛን ቀን በራሳቸው የወሰኑት ብቸኛ ነገር ያ "እምቢ" ሊሆን ይችላል። ግን አንዴ እምቢ አለ ብላችሁ ለዘላለም አትርሱት፣ ሌላ ቀን ሌላ ሰዓት ሞክሩ። አንዳንድ የዲሜንሺያ ታማሚ አመሻሹ ላይ ይረበሻል፣ ሞቅ ያለ የግሩፕ ጨዋታ በዛ ሰዓት ማድረግ እሳት ላይ ቤንዚን ነው። ደግሞ ከክፍሉ የማይወጣውንም ቁጠሩት፣ አልጋው ጎን አስር ደቂቃ ተቀምጦ አብሮ ሬዲዮ መስማትም ሴሽን ነው።

የፕሌስመንት ሰዓታችሁን ደግሞ በየቀኑ አስፈርሙ። እኔ ሁለት ሳምንት አጠራቅሜ ነገ አስፈርማለሁ ስል ሱፐርቫይዘሬ የአመት እረፍት ወጣች፣ ተተኪው ደግሞ "ያላየሁትን አልፈርምም" አለ፣ ልክ ነው፣ እኔም ብሆን አልፈርምም። ከእነዛ ሰዓቶች አብዛኞቹን እንደገና ሰራኋቸው።