ተጣጣፊ ብስክሌት ለኮንዶሚኒየም ይሆናል?
በባሕር ዳር ኮንዶሚኒየም የምትኖሩና ብስክሌታችሁን ደረጃ ሥር ማሰር የሰለቻችሁ ሁሉ፣ ተጣጣፊ ብስክሌት ከመግዛታችሁ በፊት ጀሪካን ውስጥ 12 ሊትር ውኃ ጨምራችሁ በአንድ እጅ እስከ ቤታችሁ በር ድረስ ይዛችሁ ውጡ፤ አብዛኞቹ ተጣጣፊዎች ከ10 እስከ 14 ኪሎ ግራም ስለሚመዝኑ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ በየቀኑ የሚጠብቃችሁ ሸክም ከዚህ ብዙም አይለይም። እኔ ስሞክረው ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስደርስ ደክሞኝ ነው ያረፍሁት።

ቀጥሎ የምታስቀምጡበትን ቦታ ለኩ። ባለ 16 ኢንች ጎማው ብሮምፕተን የተባለው ተጣጣፊ ብስክሌት ሲታጠፍ 65 በ59 በ27 ሴንቲ ሜትር ግድም ስለሚሆን ከበር ኋላ ይገባል፤ ባለ 20 ኢንች ጎማዎቹ ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ያም ሆኖ እኔ የምመርጠው ባለ 20 ኢንቹን ነው፤ ጎማው ባነሰ ቁጥር ኮብልስቶን ላይ እጅ እስኪደነዝዝ ያንገጫግጫል፣ የ20 ኢንች የውስጥ ጎማ ደግሞ በልጆች ብስክሌት ላይም ስለሚሠራ ማግኘቱ ይቀላል። እንደ ደብረ ማርቆስ ዳገት በሚበዛበት ከተማ ከሆናችሁ ማርሽ የሌለውን አትግዙ።

ሻጩ ፊት አጥፋችሁ ዘርጉት፤ የማጠፊያው መቆለፊያ ተዘግቶ ሳለ መሪው ወይም አካሉ ከተነቃነቀ ተዉት።