የአየርላንድ ሴኔት አባላትን ዝርዝር እንዴት ማንበብ ይቻላል? የ24ኛው ሴኔት (2011–2016) ምሳሌ

የአንድ ዘመን የአየርላንድ ሴኔት አባላት ዝርዝር ሲገጥመን ዓይናችን ቀድሞ የሚሄደው ወደ ፓርቲው ስም ነው። እኔ ግን ፓርቲውን ለጊዜው አቆዩት እላለሁ። ዝርዝሩ የሚፈታው እያንዳንዱ አባል በየትኛው በር እንደገባ ሲታወቅ ነው። ወንበሩ ባዶ ሲቀር ማን እንደሚተካውም የሚወስነው ያው በር ነው። ለማሳያ ከ2011 እስከ 2016 የሠራውን 24ኛውን ሴኔት እንውሰድ (ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ደረጃ 1፦ 60ውን ወንበር ለሦስት ክፈሉ

43ቱ በአምስት የሙያ ዘርፎች ይመረጣሉ፦ አስተዳደር 7፣ ግብርና 11፣ ባህልና ትምህርት 5፣ ኢንዱስትሪና ንግድ 9፣ ሠራተኛ 11። 6ቱን የዩኒቨርሲቲ ምሩቃን ይመርጣሉ። የቀሩትን 11 ጠቅላይ ሚኒስትሩ ይሾማሉ። ከእያንዳንዱ ስም ጎን የገባበትን በር ጻፉ።

ደረጃ 2፦ የዘርፉ ስም እንዳያታልላችሁ

«የግብርና ዘርፍ» ሲባል ገበሬዎች የመረጡት ይመስላል፤ አይደለም። ለአምስቱም ዘርፎች ድምፅ የሚሰጡት አዲስ የተመረጡት የታችኛው ምክር ቤት (ዶይል) አባላት፣ ተሰናባቾቹ ሴናተሮችና በየአውራጃውና በየከተማው ያሉ የአካባቢ ምክር ቤት አባላት ናቸው። ሁሉም ተደምረው ከአንድ ሺህ ብዙም አይዘሉም። የድምፅ መስጫው ወረቀት በአደራ ፖስታ ይላክላቸዋል፤ መራጩም ማንነቱን የሚያረጋግጥ ቃል በምስክር ፊት ይፈርማል። በቆጠራው ላይ እያንዳንዱ ትክክለኛ ወረቀት እንደ 1,000 ድምፅ ይታሰባል። መራጩ ጥቂት በመሆኑ ከአንዱ ዕጩ ወደ ሌላው የሚዛወረው ትርፍ ድምፅ ክፍልፋይ ይሆናል፤ ወረቀቱን በሺህ ማብዛት ያንን ክፍልፋይ ለመቁጠር ያስችላል።

መራጮቹ ራሳቸው ፖለቲከኞች ስለሆኑ ከዘርፉ ስም ይልቅ የሰውየው የትውልድ አውራጃና የፓርቲ ታሪክ ብዙ ይነግራል። ቀድሞ የአካባቢ ምክር ቤት አባል ነበር ወይ? በዶይል ምርጫ ተወዳድሮ ተሸንፏል? እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በየስሙ ላይ ጠይቁ።

ደረጃ 3፦ የዩኒቨርሲቲዎቹን ስድስት ለዩ

ይህ ቀላል ነው። ሦስቱ የደብሊን ዩኒቨርሲቲ (ትሪኒቲ) ምሩቃን የመረጧቸው ዴቪድ ኖሪስ፣ ኢቫና ባቺክና ሾን ባሬት ናቸው። ሦስቱ ደግሞ የአየርላንድ ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ምሩቃን የመረጧቸው ሮናን ሙለን፣ ፈርጋል ክዊንና ጆን ክራውን። ከባቺክ በቀር ሁሉም የግል ተወዳዳሪዎች ነበሩ።

ደረጃ 4፦ ተሿሚዎቹን ከሂሳቡ ጋር አያይዟቸው

የዝርዝሩን ፖለቲካ የምታገኙት እዚህ ነው። ከተመረጡት 49 ውስጥ ፊና ጌል 18፣ ሌበር 9፣ ፊያና ፎል 14፣ ሺን ፌን 3 ወንበር ያዙ፤ 5ቱ የግል ነበሩ። መንግሥቱን የመሠረቱት ፊና ጌልና ሌበር አንድ ላይ 27 ነበራቸው። የ60 አብላጫ 31 ነው፤ አራት ብቻ ጎደላቸው ማለት ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ኤንዳ ኬኒም ከ11 ተሿሚዎቻቸው አንዱን ከፊና ጌል፣ ሦስቱን ከሌበር አድርገው 31ን ሞሉ። የቀሩት ሰባቱ ፓርቲ የሌላቸው ሆኑ። ሹመቱ በጊዜው እንደ ቸርነት ቢታይም ሂሳቡ ስለፈቀደ የተደረገ ነው ባይ ነኝ። ቢሆንም ምክር ቤቱን በእጅጉ አበለጸገው።

ከሰባቱ መካከል የአቢ ቴአትር ዳይሬክተር ፊያክ ማክ ኮናልና በ1983 በሄልሲንኪ የ5,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሯጭ ኤመን ኮግላን ይገኙበታል። ኮግላንን የእኛ አትሌቲክስ ወዳጆች ሳያውቁት አይተውት ይሆናል፦ በ1980 ሞስኮ ላይ ምሩጽ ይፍጠር በ5,000 ሜትር ወርቁን ሲወስድ አራተኛ የወጣው እሱ ነበር።

ደረጃ 5፦ ዝርዝሩ የየትኛው ቀን እንደሆነ አረጋግጡ

ሴኔቱ በግንቦት 2011 ፓዲ በርክን አፈ ጉባኤ አድርጎ ሲጀምር የነበሩት ስሞች እስከ መጨረሻው አልዘለቁም። በሩ የሚጠቅማችሁ አሁን ነው። ተሿሚው ማርቲን ማከሊስ በ2013 ሲለቁ ምርጫ አላስፈለገም፤ ኬኒ ሂልደጋርድ ኖተንን ሾሙ። በባህልና ትምህርት ዘርፍ የገቡት ዲየርድራ ክሉን ግን በ2014 ወደ አውሮፓ ፓርላማ ሲሄዱ የማሟያ ምርጫ ተደረገ። በዘርፍ የማሟያ ምርጫ የአካባቢ ምክር ቤቶች ድምፅ የላቸውም፤ የሚመርጡት የሁለቱ ምክር ቤቶች አባላት ብቻ ናቸው።

መንግሥት አብላጫ ስለነበረው የፊና ጌል ዕጩ ማሸነፉ እንደማይቀር ተገምቶ ነበር። ይሁንና ዕጩው ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ የአየርላንድ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የቦርድ አባል መደረጉ ሲሰማ፣ ለባህል ዘርፉ ብቁ ለማስመሰል ነው የሚል ቁጣ ተነሣ። ከቦርዱ ለቀቀ፤ እንዳይመርጡትም አባላቱን ጠየቀ፤ ስሙ ግን ከወረቀቱ አልወጣም። በጥቅምት ወር የቀድሞ የመምህራን ማኅበር ፕሬዚዳንት የነበሩት የግል ተወዳዳሪ ጄራርድ ክራውዌል ወንበሩን ወሰዱ።

ወንበር ሳይለቁ ፓርቲ የቀየሩም አሉ። ኮግላን በ2012 ፊና ጌልን ተቀላቀለ፤ አቨሪል ፓወር በ2015 ከፊያና ፎል ወጣች። ስለዚህ ለፓርቲ አንድ ሳይሆን ሁለት ዓምድ አዘጋጁ፦ ሲገቡና ሲወጡ።

ደረጃ 6፦ የዘመኑን መጨረሻ በትክክል መዝግቡ

ይህ ሴኔት የመጨረሻው ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበር። በጥቅምት 4 ቀን 2013 ሴኔቱን ለማጥፋት በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 51.7 በመቶው «አይጥፋ» ብሎ አተረፈው።

ዶይል ሲበተን ሴኔቱ አብሮ አይበተንም። ሴናተሮቹ እስከ አዲሱ የሴኔት ምርጫ ዋዜማ በሥራ ላይ ይቆያሉ፤ ምርጫውም ዶይል ከተበተነ በ90 ቀን ውስጥ መደረግ አለበት። ዶይል የካቲት 3 ቀን 2016 ተበተነ፣ የሴኔቱ ድምፅ አሰጣጥ ሚያዝያ ላይ ተጠናቀቀ። በመሃሉ እንደ ካትሪን ዛፖንና ሂልደጋርድ ኖተን ያሉት ለዶይል ተመረጡ፤ በሁለቱም ምክር ቤት መቀመጥ ስለማይፈቀድ የሴኔት ወንበራቸው ወዲያው ባዶ ሆነ። ለእነዚህ የመጨረሻ ቀን አድርጋችሁ የምትጽፉት ሚያዝያን ሳይሆን የካቲትን ነው።