ሮሚዮን እንዴት እንተንትነው?

«የሮሚዮን ገጸ ባሕርይ ተንትኑ» ሲባል ብዙ ተማሪ የሼክስፒርን «ሮሚዮና ጁልየት» ከላይ እስከ ታች ይተርካል። ይህ ትንተና አይደለም። ታሪኩን አስተማሪውም ያውቀዋል። የሚፈለገው ሮሚዮ ለምን እንዲህ አደረገ ብሎ ጠይቆ መልሱን ከራሱ ከተውኔቱ ማውጣት ነው።

መጀመሪያ ተውኔቱን አንብቡ። ፊልም አይተካውም። እ.ኤ.አ. በ1968ቱም በ1996ቱም ታዋቂ ፊልም ላይ ሮሚዮ የጁልየት መቃብር ጋ ፓሪስን፣ ጁልየትን ሊያገባ የነበረውን ሰው፣ ሲገድል አታዩም፤ ያንን ያላነበበ ሰው ደግሞ ሮሚዮን የዋህ አፍቃሪ ብቻ አድርጎ ይጽፈዋል። እንግሊዝኛው ከከበዳችሁ የከበደ ሚካኤልን የአማርኛ ትርጉም ጎን ለጎን ያዙ። ኢንተርኔት ላይ ያሉትን ማጠቃለያዎች ግን ተዉአቸው፤ ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ጽሑፍ ይዞ የሚመጣው በእነሱ ምክንያት ነው።

ቀጥሎ ቀኖቹን በወረቀት ላይ አስፍሩ። እሑድ ጠዋት ሮሚዮ ሮዛሊን የምትባል ልጅ ስላልወደደችው ይተክዛል። እሑድ ማታ ጁልየትን ያያል። ሰኞ ያገባታል፣ በዚያው ቀን የአጎቷን ልጅ ታይባልትን ይገድላል። ማክሰኞ ማለዳ ወደ ማንቱዋ ከተማ ይሰደዳል። ሐሙስ ሳይነጋ ሞቷል። ሼክስፒር መነሻ ያደረገው አርተር ብሩክ እ.ኤ.አ. በ1562 ያሳተመውን ረጅም ግጥም ነው፤ እዚያ ላይ ነገሩ ወራት ይፈጃል። ወራቱን ወደ ቀናት ያሳጠረው ሼክስፒር ነው። ስለ ሮሚዮ ችኮላ ስትጽፉ ይህን ያዙ፣ ጠንካራ ማስረጃ ነው።

አነጋገሩንም አዳምጡ። ስለ ሮዛሊን ሲያወራ «የእርሳስ ላባ፣ ቀዝቃዛ እሳት» እያለ ቃላት ይደረድራል፤ እሷ ግን መድረክ ላይ አንድም ቃል አትናገርም። ከጁልየት ጋር ሲገናኝ የመጀመሪያ ንግግራቸው ሁለቱ እየተቀባበሉ የሚገነቡት ሶኔት የሚባል ባለ 14 መስመር ግጥም ነው። አሁን የምትመልስለት ሰው አገኘ። ለውጡን እዚህ አሳዩ።

አሁን ከባዱ ነገር፦ ሮሚዮን ያጠፋው ዕጣው ነው ወይስ የራሱ ሥራ? መቅድሙ ከዋክብት ጠላቶቻቸው እንደሆኑ ስለሚናገር ብዙዎች «ዕጣ» ብለው ያልፋሉ። ሌሎቹ ደግሞ «ችኩል ስለሆነ» ብለው ይዘጉታል። ሁለቱም ለእኔ ስንፍና ነው። ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉና በአንዱ በኩል የደረሰበትን፣ በሌላው ያደረገውን ጻፉ። ያጋባቸው መነኩሴ አባ ሎውረንስ ጁልየት የሞተች እንደምትመስል እንጂ እንዳልሞተች ለሮሚዮ የጻፈው ደብዳቤ በወረርሽኝ ጥርጣሬ ምክንያት ማንቱዋ አለመድረሱ በመጀመሪያው በኩል ይገባል። መርዝ መግዛቱ በሁለተኛው።

ከዚያ ሦስተኛው ገቢር፣ የመጀመሪያው ትዕይንት ላይ ስትደርሱ ወረቀቱ ያስቸግራችኋል። ታይባልት ይሰድበዋል፣ ሮሚዮ ግን ገና አሁን ስለተዛመዱ አልጣላም ይላል። ይህ የጨዋ ሰው ሥራ ነው። የሮሚዮ ጓደኛ መርኩሺዮ ተናዶ ሰይፍ ሲመዝ ሮሚዮ ሊገላግል መሃል ይገባል፣ ታይባልትም በሮሚዮ ክንድ ሥር አሾልኮ መርኩሺዮን ይወጋዋል። ይህ የትኛው በኩል ይገባል? መሃል መስመሩ ላይ ጻፉት። የገባው ለሰላም ነው፤ ሰይፉን የሸፈነውም የእሱ ክንድ ነው። የመርኩሺዮ ሞት ከተነገረው በኋላ ታይባልት እስኪመለስ ያሉት መስመሮች ጥቂት ናቸው፣ እነሱን ቃል በቃል አንብቡ። ሮሚዮ የሚወስነው እዚያ ነው። ታይባልትን ከገደለ በኋላ «የዕድል መጫወቻ ሆንኩ» ይላል። ወዲያው አትመኑት። ዝም ብላችሁም አትውቀሱት፤ ጓደኛው በእሱ ፈንታ ሞቷል፣ የከተማቸው የቬሮና መንገድም ያልተበቀለን ሰው አያከብርም።

ይህን ከአምስተኛው ገቢር ጋር አያይዙ። አሽከሩ ባልታዛር የጁልየትን ሞት ሲነግረው ሮሚዮ «ከዋክብት ሆይ፣ አልገዛላችሁም» ብሎ ፈረስ ያዛል። አሽከሩ እባክህ ታገሥ ይለዋል። ከዚያ ሮሚዮ አንዲት ጥያቄ ይጠይቃል፦ ከአባ ደብዳቤ አልመጣም? አልመጣም ይለዋል። ግድ የለም ይላል ሮሚዮ። ሊያድነው የሚችለው ያ ደብዳቤ ነበር፣ እሱም ጠይቆ ተወው! መቃብሩ ውስጥም ከንፈሯና ጉንጯ ገና ቀይ መሆኑን በአፉ እየተናገረ መርዙን ይጠጣል። ዕጣውና ሥራው እንዲህ የተጠላለፉበት ሌላ ቦታ አላውቅም፣ አንቀጽ ሙሉ ስጡት።

ከዚህ በኋላ ሐሳባችሁን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማሰር ትችላላችሁ። ለምሳሌ፦ «ሮሚዮ የተሰማውን ሁሉ ያኔውኑ ስለሚያደርግ፣ ዕድል ሲያደናቅፈው የሚመለስበት ጊዜ አይኖረውም።» የእናንተ ከዚህ ቢለይ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱንም ወገን ይያዝ። ጁልየት በሰገነቱ ትዕይንት ነገሩ እንደ መብረቅ ፈጠነብኝ ማለቷን ብታነጻጽሩ ደግሞ ይጠነክራል። ጥቅሱን ከሁለት መስመር አታስበልጡ፣ ገቢሩንና ትዕይንቱን ጻፉ፣ ከጥቅሱ ሥር ቢያንስ ሁለት ዓረፍተ ነገር የራሳችሁን አስተያየት አክሉ።