የፕሮሰሰር ማቀዝቀዣ ሲመርጡና ሲገጥሙ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዴስክቶፕ ኮምፒውተር ከባድ ሥራ ሲሰጠው ፍጥነቱ ቢወርድ፣ ፋኑ ቢጮህ ወይም በድንገት ቢጠፋ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚጠረጥረው ፕሮሰሰሩን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፕሮሰሰሩ ደህና ነው። ችግሩ ያለው ከላዩ በተቀመጠው ማቀዝቀዣ ላይ ነው፤ እሱም ቢሆን ከዕቃው ጥራት ይልቅ በአመራረጡና በአገጣጠሙ። በደንብ የተገጠመ ርካሽ ማቀዝቀዣ ተንጋዶ ከተገጠመ ውድ ማቀዝቀዣ ይሻላል። ስለዚህ ተጨማሪ ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት የሚከተሉትን ይመልከቱ።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ዋት ብቻ አይቶ መግዛት

«65 ዋት» ተብሎ የተጻፈበት ፕሮሰሰር ሁልጊዜ 65 ዋት ላይ አይቆምም። የኢንቴል ኮር አይ5-12400 መነሻው 65 ዋት ቢሆንም ሥራ ሲበዛበት እስከ 117 ዋት ሊደርስ ይችላል። የኤኤምዲ ራይዘን 5 7600 ላይ 65 ተጽፎ እስከ 88 ዋት ይወስዳል። ኮር አይ9-14900ኬ ደግሞ 125 ተብሎ ተጽፎበት 253 ዋት ድረስ ይሄዳል። ማቀዝቀዣ የሚመረጠው ከፍተኛውን ቁጥር ይዞ ነው።

ተቃራኒውም ስህተት ነው። በአይ5-12400 የሂሳብ ሥራ ለሚሠራና ፊልም ለሚያይ ሰው ከፕሮሰሰሩ ጋር በሳጥን የሚመጣው ማቀዝቀዣ ይበቃዋል። ባለ 360 ሚሊሜትር የውሃ ማቀዝቀዣ እንዲገዛ የሚመክረው ሰው ገንዘቡን እያስባከነው ነው፤ ያንን ገንዘብ ለራም ወይም ለኤስኤስዲ ቢያውለው ልዩነቱን በየቀኑ ያየዋል።

የሚኖሩበትን ቦታ አየር መርሳት

ይህን ነጥብ የሚያነሳ ሰው ብዙም አላጋጠመኝም፤ ለእኛ አገር ግን ዋና ነገር ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ደብረ ብርሃን ከዚያም ትበልጣለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው። አንድ ሜትር ኩብ አየር በባሕር ዳርቻ ከሚኖረው ክብደት በሩብ ገደማ ያንሳል። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት ቢሽከረከርም ሙቀት ተሸክሞ የሚወጣው አየር ያነሰ ነው ማለት ነው። በመሆኑም ዝቅተኛ ቦታ ላይ የተሞከረ ማቀዝቀዣ «200 ዋት ይችላል» ሲባል አዲስ አበባ ላይ ትንሽ መቀነስ ያስፈልጋል። የውሃ ማቀዝቀዣም ከዚህ አያመልጥም፤ ውሃው ሙቀቱን ወደ ራዲያተሩ (ፋን የታሰረበት ሙቀት ማስወጫ ክፍል) ይወስደዋል እንጂ ከዚያ በኋላ የሚያስወጣው ያው ስስ አየር ነው።

ደጋው በምላሹ ቀዝቃዛ ክፍል ይሰጣል። ሰመራ፣ ጋምቤላ ወይም ድሬዳዋ ላይ ግን ነገሩ ይገለበጣል። የትኛውም የአየር ወይም የውሃ ማቀዝቀዣ ፕሮሰሰሩን ከክፍሉ ሙቀት በታች አያወርደውም። ክፍሉ ከ22 ዲግሪ ወደ 38 ቢወጣ የፕሮሰሰሩም ሙቀት በዚያው ልክ፣ 16 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ቆላ ላይ የሚኖር ሰው አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ማቀዝቀዣ ቢገዛ ልክ ነው።

ሶኬቱን ሳያረጋግጡ መግዛት

ሶኬት ማለት ፕሮሰሰሩ የሚገባበት የማዘርቦርዱ መቀመጫ ነው። የኢንቴል ኤልጂኤ 1200 እና ከእሱ በፊት የነበሩት እነ ኤልጂኤ 1151 በማዘርቦርዱ ላይ የማሰሪያ ቀዳዳቸው በ75 ሚሊሜትር ይራራቃል። ኤልጂኤ 1700 እና 1851 ደግሞ 78 ሚሊሜትር ናቸው። ሦስት ሚሊሜትር ትንሽ ቢመስልም የድሮው ማሰሪያ አይገባም፤ በግድ ቢያስገቡት ማዘርቦርዱ ይጎብጣል። የማቀዝቀዣው አምራች ለአዲሱ ሶኬት የሚሆን ማሰሪያ ማቅረቡን ቀድመው ይጠይቁ።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት ያገለገሉ የዴልና የኤችፒ የቢሮ ኮምፒውተሮች ለብቻቸው ይታያሉ። በአንዳንዶቹ የማቀዝቀዣው ብሎን በማዘርቦርዱ አልፎ በቀጥታ ከኬዙ (ከኮምፒውተሩ ውጫዊ ሳጥን) ብረት ጋር ይታሰራል። የፋኑ መሰኪያም ከተለመደው ባለ 4 ፒን የተለየ የሆነባቸው አሉ። ለእነዚህ ሌላ ማቀዝቀዣ ከመፈለግ ያለውን አጽድቶ ፔስቱን (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን ሙቀት አስተላላፊ ቅባት) መቀየር ይሻላል።

ቁመቱን አለመለካት

ታወር የሚባሉት ማቀዝቀዣዎች ረጃጅም ናቸው። ዲፕኩል ኤኬ400 ቁመቱ 155 ሚሊሜትር ነው፤ የኖክቱዋ ኤንኤች-ዲ15 ደግሞ 165 ይደርሳል። የኬዙ መግለጫ ምን ያህል ቁመት እንደሚቀበል ይናገራል፤ መግለጫው ከሌለ ከማዘርቦርዱ እስከ ጎን መዝጊያው ድረስ በማስመሪያ ይለኩ። ባለ መብራት ረጅም ራም ካለዎት ፋኑን ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ማሰር ግድ ሊሆን ስለሚችል ያንንም ይደምሩበት።

የድሮውን ማቀዝቀዣ ቀጥ አድርጎ መንቀል

ኤኤም 4 ሶኬት ላይ ያሉት የራይዘን ፕሮሰሰሮች ፒኖቻቸው ከራሳቸው ሥር ናቸው። ሶኬቱ ቢቆለፍም አያያዙ ጠንካራ አይደለም፤ የደረቀ ፔስት ደግሞ እንደ ሙጫ ይይዛል። ማቀዝቀዣውን ወደ ላይ ሲስቡት ፕሮሰሰሩ አብሮ ተነቅሎ ይወጣል፣ ፒኖቹም ይጎብጣሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ደቂቃ ሥራ አስይዘው ፔስቱ ይሙቅ፤ ከዚያ አጥፍተው ገመዱን ይንቀሉ፤ ማሰሪያውን ሲፈቱ ማቀዝቀዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዝግታ ያዟዙሩት። መላቀቁ በእጅዎ ይሰማዎታል። ያኔ ብቻ ያንሱት።

ፕላስቲኩን አለመላጥ፣ ፔስቱን ማብዛት

አዲስ ማቀዝቀዣ ከሥሩ፣ ፕሮሰሰሩን በሚነካው ፊት ላይ፣ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፎበት ሊመጣ ይችላል። ጥርት ያለ ስለሆነ ልብ ላይሉት ይችላሉ። ካልተላጠ ሙቀቱ እንደሚገባው ወደ ብረቱ አያልፍም። ሲገጥሙ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ይህን ፈልጎ መላጥ ይሁን።

የድሮውን ፔስት በሶፍትና በአልኮል ከሁለቱም ፊት ጠርገው ያድርቁት። ከዚያ መሐሉ ላይ የአንድ አተር ፍሬ የሚያህል ያድርጉ፤ ማሰሪያው ሲጠብቅ ራሱ ይዘረጋል። ፔስት የሚያስፈልገው በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለውን በዓይን የማይታይ ክፍተት ለመሙላት ብቻ ነው። ከሳጥን የሚመጡት ማቀዝቀዣዎች ብዙዎቹ ፔስት ተቀብቶላቸው ስለሚመጡ በላዩ ሌላ አይጨምሩ።

አንዱን ጎን አጥብቆ ጨርሶ ወደ ሌላው መሄድ

ባለ አራት ብሎን ከሆነ ሁሉንም በጥቂቱ ያስይዙ፤ ከዚያ በሰያፍ፣ አንዱን ማዕዘን ከዚያም ፊት ለፊቱ ያለውን፣ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ ያጥብቁ። ካቻቪቴው ሲቆም እርስዎም ያቁሙ።

የኢንቴል ባለ ፕላስቲክ እግሮቹ ግን ከሁሉ በላይ ያስቸግራሉ። እግሩ ራስ ላይ ያለው ቀስት የሚያሳየው መፍቻውን አቅጣጫ ነው። ብዙ ሰው ወደዚያ አዙሮ «እየቆለፍኩ ነው» ይላል፤ እየፈታው ነው። አራቱንም ከቀስቱ በተቃራኒ መልሰው ያዘጋጁ፣ ከዚያ በሰያፍ ሁለት ሁለቱን ቋ የሚል ድምፅ እስኪሰሙ ይጫኑ። ማዘርቦርዱን ገልብጠው ከጀርባ ይዩ፦ የአራቱም ጫፍ እኩል ወጥቶ፣ መሐል ያለው ዘንግ ጫፎቹን ገፍቶ መክፈት አለበት። አንዱ ካልወጣ ማቀዝቀዣው በዚያ በኩል አልነካም።

የፋኑ አቅጣጫና መሰኪያው

አየር የሚገባው በክፍቱ ፊት ሲሆን የሚወጣው ፍሬሙ ሞተሩን በያዘበት ጎን ነው። የታወሩ አየር ወደ ኬዙ ኋላ እንዲሄድ አድርገው ይግጠሙት። ገመዱን ማዘርቦርዱ ላይ ለሲፒዩ ፋን በተዘጋጀው መሰኪያ ይሰኩ። ሌላ ቦታ ከሰኩት ፋኑ ቢሽከረከርም ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው ፕሮግራም) ሲነሳ «የሲፒዩ ፋን የለም» ብሎ ሊያስቆምዎ ይችላል።

የውሃ ማቀዝቀዣን ፓምፕ ከሁሉ በላይ ማድረግ

በውሃ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያለችው ጥቂት አየር ሁልጊዜ ወደ ላይ ትወጣለች። ራዲያተሩ ከኬዙ ሥር ከሆነ አየሯ ፓምፑ ውስጥ ትጠራቀማለች፤ ይጮኻል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ራዲያተሩን ከላይ ይስቀሉት፤ ከፊት ከሆነም ጫፉ ከፓምፑ ከፍ ይበል። የእኔ ምርጫ ግን ግልጽ ነው፦ ከ200 ዋት በታች ለሆነ ፕሮሰሰር ጥሩ የአየር ታወር ይግዙ። ፋኑ ቢበላሽ ሌላ ፋን ያስሩበታል። ፓምፕ ቢሞት ግን ዕቃው በሙሉ ይጣላል፣ ተተኪው እስኪገኝም ኮምፒውተሩ ቆሞ ይጠብቃል።

ገጥሞ ሳይሞክሩ ኬዙን መዝጋት

ሙቀቱን የሚያሳየውን ኤችደብሊው ኢንፎ የተባለ ፕሮግራም ከፍተው፣ ፕሮሰሰሩን በከባድ ሥራ የሚፈትነውን ሲኒቤንችን ያስነሱና ቁጥሩን ሳይሆን የሙቀቱን አወጣጥ ይመልከቱ። ሥራው በጀመረ በጥቂት ሰከንድ 100 ዲግሪ ከነካ አብዛኛውን ጊዜ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል ያለው ንክኪ ተበላሽቷል፦ ፕላስቲክ፣ ያልገባ እግር ወይም ፔስት ነው። በደቂቃዎች ውስጥ ቀስ እያለ ከወጣ ንክኪው ደህና ሆኖ የአየር ዝውውሩ ወይም አቧራው ነው፤ የኬዙን የፊት መግቢያ ይፈትሹ። የራይዘን 7000 ከፍተኛ ሞዴሎች፣ እንደ 7950ኤክስ ያሉት፣ ሙሉ ጭነት ላይ 95 ዲግሪ ቢደርሱ አይደንግጡ፤ እዚያ ድረስ እየሄዱ እንዲሠሩ ተደርገው ነው የተሠሩት። አይ5-12400 ግን እዚያ ከደረሰ ማቀዝቀዣውን አንስተው ከመጀመሪያው ይግጠሙት።